በሽታውን ያልደበቀስ መድኃኒት አገኘ?

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላል አማርኛው። ኦሮምኛውም ያንኑ ምክር በራሱ ቃል ይናገራል። ከመቱ እስከ ጎሬ፣ ከሁሩሙ እስከ ያዮ፣ ከዳሪሙ እስከ ቡሬ ሽማግሌውም ሐኪሙም ይጠቅሰዋል። አባባሉ እውነት ነው፤ ግን ግማሽ እውነት ነው። ጥፋቱን ሁሉ በታማሚው ትከሻ ላይ ጭኖ ዘወር ይላል። በሽታውን አውጥቶ የተናገረው ሰውስ መድኃኒቱን አገኘ ወይ? ይህን የሚጠይቅ የለም።

ጥያቄው ከሁሉ የሚከብደው ነገሩ ቆለጥ ላይ ሲደርስ ነው። ቃሉ ራሱ ከአፍ አይወጣም። አንዱ «ከታች ያመኛል» ይላል፤ ሌላው «እዚያ ጋ አብጦብኛል» ይላል። ካርድ ክፍል መስኮት ላይ፣ ከኋላው ሃያ ሰው ተሰልፎ «ምንህን ነው የሚያምህ?» ተብሎ በጩኸት ሲጠየቅ፣ መልሱ «ሆዴን» ይሆናል። ሆዴን ያለ ሰው የሰገራ ምርመራ ይታዘዝለታል፤ ኪኒን ይዞ ይመለሳል። ይህ የገበሬው ጅልነት አይደለም። መስኮቱን እንዲያ አድርጎ የሠራው ሰው ሥራ ነው።

ቃሉ ሲጠፋ በሽታውም ይደባለቃል። በአካባቢው ያበጠ ቆለጥ ሁሉ አንድ ስም አለው፤ «ቡአ»። በአንድ ስም ስር ግን ቢያንስ ስድስት የተለያዩ ነገሮች አሉ። በቆለጡ ዙሪያ ውኃ ተቋጥሮ ሊሆን ይችላል። አንጀት በብሽሽት በኩል ሾልኮ ወደ ከረጢቱ ወርዶ ሊሆን ይችላል። የደም መልስ ሥሮች ተወጣጥረው፣ ሐኪሞች ቫሪኮሲል የሚሉት ሊሆን ይችላል። ከቆለጡ ጀርባ ያለው ዘር የሚበስልበት ቱቦ በአባላዘር በሽታ፣ በሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ወይም በቲቢ ተመትቶ ሊሆን ይችላል። ቆለጡ በገመዱ ላይ ተጠምዝዞ ደም ተቋርጦበት ሊሆን ይችላል። ወይም ካንሰር ሊሆን ይችላል። ከእነዚህ አንዱ ዓመታት ይጠብቃል፤ ሌላው ሳምንታት ይጠብቃል፤ አንደኛው ግን ከስድስት ሰዓት በላይ አይጠብቅም። ሁሉንም «ቡአ» ብሎ «ቡናው ሲሸጥ እንታከመዋለን» ማለት ስድስቱንም በአንድ ቀጠሮ መያዝ ነው።

እነዚህን ለመለየት ከሐኪሙ እጅ ቀጥሎ ያለው ቀላሉ መሣሪያ አልትራሳውንድ ነው። አይቆርጥም፣ አይወጋም፣ እንደ ራጅ ጨረር የለውም። ችግሩ በኢሉባቦር ከተሞች አልትራሳውንድ የሴት መሣሪያ ተደርጎ መያዙ ነው። ወንድ ለምርመራው ሲታዘዝ «እርጉዝ ነኝ እንዴ?» ብሎ ይቀልዳል። ቀልዱ ግን ፍርሃቱን መሸፈኛ ነው። የሚጠብቀውን ነገር የነገረው የለማ!

የሚጠብቀው ነገር ይህ ነው፦

ፊኛን በውኃ መሙላት አያስፈልግም፤ መጾምም አያስፈልግም። ታማሚው ከወገብ በታች ልብሱን አውልቆ በጀርባው ይተኛል። ከቆለጡ ስር ተጣጥፎ የሚገባ ፎጣ ይደረጋል፤ ብልቱ ወደ ሆዱ ተመልሶ በሌላ ጨርቅ ይሸፈናል። መርማሪው ጓንት ለብሶ ቀዝቀዝ ያለ ጀል ይቀባል፤ ከዚያ ፕሮቡን ቆዳው ላይ ያንሸራትታል። መጀመሪያ የሚታየው ጤነኛው ወገን ነው፤ የታመመው የሚለካው ከእሱ ጋር ተነጻጽሮ ነውና። ልክ ይወሰዳል። ቀጥሎ የደም ዝውውሩ በዶፕለር ይታያል። ማያው ላይ ቀይና ሰማያዊ ሲበራ ሰው ይደነግጣል፤ ቀለሙ ደሙ ወደ ፕሮቡ እየመጣ ወይም እየራቀ መሆኑን ከማሳየት በቀር በሽታ ማለት አይደለም። አንዳንዴ «አምጥ» ወይም «ቆመህ ሳል» ይባላል፤ የተወጣጠሩት የደም ሥሮችና ሾልኮ የሚወርደው አንጀት የሚታዩት ያኔ ነው። ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ውስጥ ያልቃል። ቆለጡ ያበጠና የቆሰለ ካልሆነ በቀር አያምም። ሰውነት በንክኪ ሳይታዘዝ ምላሽ ቢሰጥ እንኳ ባለሙያው የሚያውቀው ተራ ነገር ነው፤ የሚያሳፍር አይደለም።

ይህ በአንድ ትንፋሽ የሚነገር ምክር ነው። በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም በአንድ ገጽ ተጽፎ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። የእናቶች ክትትል፣ የክትባት መርሐ ግብርና የወባ ማስጠንቀቂያ ግድግዳውን ሞልተውታል፤ መልካም ነው፣ ይሙሉት። ለወንዱ ግን አንድ ወረቀት የለም። ከዚያ «ወንዶች ለምን አይመጡም?» ተብሎ በየስብሰባው ይጠየቃል።

የአንድ ሌሊት ሒሳብ

የአሥራ አራት ዓመት ልጅ በአንዱ የኢሉባቦር ገጠር ቀበሌ አለ እንበል። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ አንዱ ቆለጡን በድንገት አጣድፎ ያመዋል፤ ያስመልሰዋል። ለእናቱ «ሆዴን» ይላል። እናት ዳማከሴ ጨምቃ ታጠጣዋለች። ሲነጋ ሕመሙ ሲብስ ለአባቱ እውነቱን ይናገራል። አባት ሞተር ሳይክል ተከራይቶ ወደ ጤና ጣቢያ ይወስደዋል። ጤና ጣቢያው ማስታገሻና ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ይሰጣል፤ ወይም ሪፈር ይጽፋል። ሪፈር የተቀበለው ሆስፒታል «አልትራሳውንድ ተነስተህ ና» ይላል። የአልትራሳውንድ ባለሙያው ደግሞ ጠዋት እንጂ ሌሊትና እሑድ የለም። ልጁ መጨረሻ ላይ ቀዶ ሕክምና ክፍል ሲገባ ቆለጡ ጠቁሯል።

ቆለጥ ሲጠማዘዝ ደም የሚያመላልሰው ገመድ ይታነቃል። በስድስት ሰዓት ውስጥ ከተፈታ ከአሥሩ ዘጠኙ ይተርፋል። ከ24 ሰዓት በኋላ የሚተርፈው ጥቂት ነው። በዓለም የሚታወቀው ግምት ከ25 ዓመት በታች ካሉ ወንዶች በዓመት ከ4,000 አንዱን ያጠቃል የሚል ነው፤ የሚበዛውም በጉርምስና ዕድሜ ነው። እንግዲህ በአንድ ዞን ስንት ወጣት እንዳለ የሚያውቅ ሰው ሒሳቡን ራሱ ይሥራ።

የአልትራሳውንድ ወዳጅ የሆነ ሰው ሁሉ ሊሰማው የሚገባ አንድ መራራ ነገር እዚህ ላይ አለ። ምልክቱ ግልጽ በሆነ ጊዜ አልትራሳውንድ መጠበቅ ራሱ ጥፋት ነው። ድንገተኛ ሕመም፣ ማስመለስ፣ ወደ ላይ ተስቦ የደነደነ ቆለጥ፤ ይህን ያየ ሐኪም ልጁን የሚልከው ወደ ቢላዋ እንጂ ወደ ማያ ገጽ አይደለም። ተከፍቶ ካልተጠማዘዘ ይዘጋል፤ የጠፋ ነገር ትንሽ ጠባሳ ብቻ ነው። ተጠማዝዞ ከተገኘ ይፈታል፤ ሌላውም ወገን እንዳይደገም አብሮ ይሰፋል። ሰዓት የማይፈጅ ቀዶ ሕክምና ነው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ የተቀናጀ የድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ባለሙያዎችን ስታሠለጥን የኖረችው፣ ስፔሻሊስት በሌለበት ከተማ እንዲህ ያለው ድንገተኛ ነገር በመንገድ ላይ እንዳይሞት ነበር። ስለዚህ ልጁን «ጅማ ውሰዱት» ማለት ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ ማለት ብቻ አይደለም፤ «ቆለጡን ቅበሩት» ማለት ነው። ወደ 600 ኪሎ ሜትር የሚርቀውን አዲስ አበባን ማንሳትም አያስፈልግም።

መሣሪያው አለ፣ ዓይኑ የለም

የሚቀጥለው ነገር የሚነገረው በባለሙያዎች መካከል ብቻ ነው፤ ሕዝቡም ሊያውቀው ይገባል። በየጤና ተቋሙ የገባው አልትራሳውንድ በአብዛኛው የታሰበው ለነፍሰ ጡር እናት ነው። ለዚያ የሚያገለግለው ፕሮብ ጎባጣ ነው፤ ወደ ሆድ ጠልቆ ያያል። ቆለጥ ግን ከቆዳ ስር ነው። የሚፈልገው ጠፍጣፋ፣ ከፍተኛ ድግግሞሽ ያለው ፕሮብ ነው። ጥልቁን በሚያየው ፕሮብ ቆለጥን ማየት በመነጽር ፋንታ በቴሌስኮፕ ጋዜጣ እንደማንበብ ነው። ዶፕለር ከሌለው ወይም ካልተከፈተ ደግሞ ደም ይድረስ አይድረስ አይታወቅም።

ታማሚው ግን የሚከፍለው ለዓይኑ ሳይሆን ለመሣሪያው ስም ነው። «አልትራሳውንድ አለን» የሚል ሰሌዳ ያንጠለጠለ ክሊኒክ ገንዘቡን ይቀበላል፣ ጎባጣውን ፕሮብ ያስቀምጣል፣ «ኖርማል» ብሎ ይጽፋል። ወረቀቱ ኪስ ይገባል፤ እብጠቱ ሱሪ ውስጥ ይቀራል። ታማሚው ዳግመኛ ቢያመው «ተነስቻለሁ፣ ምንም የለብህም ተብያለሁ» ይላል። ያልታየ ነገር «የለም» ተብሎ ሲጻፍ ካለመታየት የባሰ ነው።

በተቃራኒው ደግሞ አልትራሳውንዱ የማያስፈልግበት ቦታ ሁሉ ይታዘዛል። ቆለጡ ያልወረደ ሕፃን የሚያስፈልገው በእጅ የሚዳስሰው የሕፃናት ቀዶ ሐኪም ነው፤ በስድስት ወርና በአንድ ዓመት ተኩል መካከል ቀዶ ሕክምና ማግኘቱ ነው። አልትራሳውንዱ ውሳኔውን አይለውጠውም። በዳሰሳ የማይገኝ፣ በማያው ላይ ብቻ የሚታይ ትንሽ ቫሪኮሲልም ለቀዶ ሕክምና ምክንያት አይሆንም። የመረጃ እጥረት ባለበት አገር ትርፍ ምርመራ ማዘዝ ከሌባነት የሚለየው በደረሰኙ ብቻ ነው።

ነውሩ የማን ነው?

«ባህላችን ነው፣ ወንድ ልጅ አይታይም» የሚል ክርክር ይነሳል። እሺ፣ ነውር የሚባል ነገር ይኑር፤ ማንም ነውር አይኑር አላለም። ነውርን የሚያከብር ቤት ግን መጋረጃ ይሰቅላል። ባህሉ እውነት ከሆነ፣ የምርመራ ክፍሉ በር በየደቂቃው የሚከፈተው ለምንድን ነው? ታማሚው ተኝቶ ሳለ ሌላ ሰው ውጤት ለመጠየቅ የሚገባው ለምንድን ነው? ተማሪዎች ቢኖሩ «ይቆዩ ወይስ ይውጡ?» ብሎ የሚጠይቅ የሚጠፋው ለምንድን ነው? መርማሪዋ ሴት ብትሆን «ወንድ ባለሙያ ወይም ወንድምህ አብሮህ ቢገባ ይሻልሃል?» ማለት ስንት ብር ያስወጣል? ነውርን የጣሰው ታማሚው ሱሪውን ማውለቁ አይደለም። በሩን ያልዘጋው ነው የጣሰው።

ወረቀቱም ሌላ ጉድ ነው። ሕመሙ የተነገረው በአፋን ኦሮሞ ነው፤ ሐኪሙ ያዳመጠው አንዳንዴ በአማርኛ ነው፤ ውጤቱ የሚጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። ታማሚው ሦስት ቋንቋ ተሻግሮ የደረሰው ነገር ማንበብ የማይችለው ወረቀት ነው። ፋርማሲ ወስዶ «ምን ይላል?» ብሎ ይጠይቃል፤ ፋርማሲስቱ በሰው ፊት ያነብለታል። ምስጢሩ በዚያ ያበቃል። ሐኪሙ በሁለት ዓረፍተ ነገር ሊነግረው ይችል ነበር፦ «ያለብህ ይህ ነው፤ ቀጥሎ የምታደርገው ይህ ነው።»

በተለይ አንድ ውጤት በወረቀት ብቻ መሰጠት የለበትም። በቆለጡ ውስጥ ጠጣር እብጠት ከታየ፣ በተለይ ሕመም የሌለው ከሆነ፣ ካንሰር ነው ተብሎ ይጠረጠራል። ይህ ካንሰር በአፍሪካውያን ላይ ከአውሮፓውያን ይልቅ አነስተኛ ነው፤ ግን ሲመጣ የሚመጣው ለወጣት ነው። ከካንሰሮች ሁሉ በሕክምና ከሚድኑት አንዱም ነው። ብስክሌተኛው ላንስ አርምስትሮንግ እ.ኤ.አ. በ1996፣ በ25 ዓመቱ፣ ሳንባና አንጎሉ ድረስ ተሰራጭቶ ተገኝቶበት ድኗል። ስለ ድሉ የተነሳው ቅሌት ሌላ ጉዳይ ነው፤ መዳኑ ግን እውነት ነው። ይህ የሚሆነው ግን ደሙ ተመርምሮ፣ ቆለጡ በብሽሽት በኩል በሥርዓት ሲወጣ ነው። ከረጢቱን በመርፌ መውጋት ወይም ከፊት መቅደድ በሽታውን ወደማይሄድበት መንገድ መምራት ነው። እና «ውኃ ነው፣ እንቅዳው» እያለ ያለ ምርመራ መርፌ የሚሰነዝር ሁሉ እጁን ይሰብስብ።

የሴቲቱ ዕዳ

የዚህ ዝምታ ትልቁን ዕዳ የምትከፍለው ግን ቆለጥ የሌላት ሰው ናት። በተጋቡ በሁለትና በሦስት ዓመት ልጅ ካልመጣ «መካን» የምትባለው እሷ ናት። ጠበል የምትሄደው እሷ፣ ዱዓ የሚደረግላት እሷ፣ በየጸሎት ቤቱ እጅ የሚጫንባት እሷ፣ ጅማ ድረስ ተጉዛ ማህፀኗን የምትነሳው እሷ። በመጨረሻም ሌላ ሴት የምትመጣባት እሷ ናት። ባልየው አንድ ቀን አልተመረመረም።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሪፖርት ከስድስት አዋቂ ሰዎች አንዱ በዕድሜው የመውለድ ችግር ይገጥመዋል ብሏል። ልጅ ካጡ ጥንዶች በግማሽ ያህሉ የወንዱ ድርሻ አለበት። ቫሪኮሲል ብቻውን በጠቅላላው ወንድ ከመቶ 15 ያህሉ ላይ ይገኛል፤ የመውለድ ችግር ካለባቸው ወንዶች ግን ከመቶ 40 ገደማው ላይ። ልጅ እያለ ጆሮ ደግፍ ይዞት ቆለጡ ያበጠ፣ ቆለጡ ሳይወርድ ያደገ፣ ተጠማዝዞበት ዝም ያለ፤ ይህ ሁሉ ዛሬ የሚስቱ ጥፋት ሆኖ ይቆጠራል። የወንዱ ምርመራ ደግሞ ከሴቲቱ ይልቅ ቀላልና ርካሽ ነው፤ በእጅ መታየት፣ የዘር ፈሳሽ ምርመራ፣ ሲያስፈልግ አልትራሳውንድ። ከሁለቱ መጀመሪያ ሊመረመር የሚገባው እሱ ነበር። ሩብ ሰዓት መተኛት የፈራ ወንድ ሚስቱን ዕድሜ ልክ ይቀጣታል። ይህን ወንድነት የሚለው ሰው ካለ ትርጉሙን እንደገና ይፈልግ።

«ሌላ ስንት ችግር እያለ?»

መልሱ ይታወቃል። «ወባ አለ፣ በወሊድ የምትሞት እናት አለች፣ መድኃኒት የለም፣ መብራት ይጠፋል፤ እናንተ ስለ ቆለጥ ታወራላችሁ?» ይባላል። ክርክሩ ከባድ ይመስላል፤ ሲመዘን ግን ይቀላል። የተጠየቀው አዲስ ሆስፒታል አይደለም። መቱ የካርልን ስም የያዘ ሪፈራል ሆስፒታል አላት፤ የጤና ተማሪዎችን የሚያስተምር ዩኒቨርሲቲ አላት። በዙሪያዋ ያሉ ከተሞችም ሆስፒታልና ጤና ጣቢያ አላቸው። ማሽኑም በብዙ ቦታ ገብቷል። የሚጠየቀው በማሽኑ ላይ የሚሰካ አንድ ፕሮብ፣ በሩ ላይ አንድ መጋረጃ፣ ግድግዳው ላይ አንድ ወረቀት፣ ሌሊት ስልክ የሚያነሳ አንድ ቀዶ ባለሙያ ነው። ይህ ከእናቲቱ ምግብ አይነጥቅም። ያው ጠፍጣፋ ፕሮብ የእናቲቱን ጡት፣ የሁሉንም እንቅርት ያያል።

የጤና መድኑም ይመርመር። በማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን ዓመታዊ መዋጮውን የከፈለ ገበሬ ውል ባለው የመንግሥት ተቋም ይታከማል። ተቋሙ «ይህ ምርመራ እኛ ጋ የለም፣ ውጭ ተነሳ» ሲለው በአብዛኛው ከኪሱ ይከፍላል። ሁለት ጊዜ ከፈለ ማለት ነው። ኪሱ ባዶ ከሆነ ቡናው እስኪደርስ ይጠብቃል፤ ቡና ደግሞ የሚደርሰው ከጥቅምት ወዲህ ነው። የተጠማዘዘ ቆለጥ የቡና ወቅት አያውቅም።

እንግዲህ ከሁሉም ወገን የሚፈለገው ግልጽ ነው። ወረዳና ዞን ጤና ጽሕፈት ቤቶች የትኛው ተቋም ጠፍጣፋ ፕሮብና ዶፕለር እንዳለው ዝርዝሩን ለሕዝብ ይለጥፉ፤ ሪፈር የሚጽፈው ጤና ጣቢያ በጭፍን አይላክ። ድንገተኛ የቆለጥ ሕመም እንደ ምጥ ይቆጠር፤ ካርድ ሳይወጣ፣ ወረፋ ሳይጠበቅ ይግባ። «ሆዴን» የሚል ጎረምሳን የሚመረምር ማንኛውም ባለሙያ ከእምብርት በታችም ይመልከት፤ ይህ ገንዘብ አይጠይቅም። ትምህርት ቤቶች በሳይንስ ክፍለ ጊዜ ለወንዶች ልጆች አንዲት ዓረፍተ ነገር ያስተምሩ፦ «ቆለጥህን በድንገት ካመመህ ሌሊትም ቢሆን አባትህን ቀስቅስ።» አባትም ተቀስቅሶ አይቆጣ።

ታማሚውም የራሱ ድርሻ አለው። ሲገባ ሦስት ነገር ይጠይቅ፦ «ፕሮቡ ጠፍጣፋው ነው ወይ? ደሙንስ ታያላችሁ ወይ? ውጤቱን በቋንቋዬ የሚነግረኝ ማነው?» ይህ ድፍረት አይደለም፤ የከፈለ ሰው መብት ነው።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። ይህን ለታማሚው ስንት ዘመን ነገርነው! አሁን ደግሞ ለተቋሙ ይነገረው፤ መድኃኒቱን የደበቀ ሐኪም ቤት በሽተኛ የለውም። ባዶ የቀረው የወንዶች ወረፋ የጤና ምልክት የሚመስለው ሰው ካለ፣ ወረፋው ያለው በየቤቱ ነው። ዝም ብሎ፣ እያበጠ፣ እየጠበቀ።

ወንድ ልጅ፣ ወንድም፣ ባል ላለው ሁሉ ይድረስ።